ሆረርና ዳርክ ፋንታሲ፦ ልዩነታቸው ምንድነው፣ ሰውስ ለምን ወዶ ይፈራል?

እዚህ ጅማ "ሆረር ልብወለድ አነባለሁ" ያለ ሰው ከሁለት አንዱ ሳይደርስበት አይቀርም፣ ወይ "ምነው ያለው ጭንቀት አይበቃም እንዴ?" ይባላል ወይ ደግሞ "እሱ ነገር የሰይጣን አይደል?" ተብሎ ምክር ይጀመርለታል። ድራጎንና ጠንቋይ ያለበትን ሁሉ የልጅ ነገር ነው ብሎ የሚያልፍም አለ። የሚያነቡትም ቢሆኑ ነገሩን ደበላልቀውታል፤ የዩኒቨርስቲ ልጆች በቴሌግራም ፒዲኤፍ ሲቀባበሉ ሆረሩም ዳርክ ፋንታሲውም "አስፈሪ መጽሐፍ" ተብሎ አንድ ላይ ይታጎራል፣ ከዛ አንዱን ፈልጎ ሌላውን የከፈተ ሰው ትንሽ ገጽ ገልጦ "አያስፈራም" ብሎ ይተወዋል፣ ወይ "ይሄ ሁሉ ጭካኔ ለምን?" ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ሁለቱንም ከልቤ የምወድ አንባቢ ነኝ፣ ስለዚህ ምን እንደሆኑ፣ እንዴት እንደሚሰሩ፣ የቱ ጋ ጥሩ የቱ ጋ ደግሞ መጥፎ እንደሚሆኑ ከስሩ ላስረዳ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሆረር የሚባለው የቱ ነው?

ሆረር ዋና ስራው አንባቢውን ማስፈራት የሆነ ልብወለድ ነው። ጭራቅ ስላለበት ብቻ ግን ሆረር አይባልም። ጅማ ያደገ ልጅ በኦሮምኛ "ዱሪ ዱሪ" ተብሎ ሲጀመርለት ሰው ስለሚበላው ቡልጉ ሰምቷል፣ በአማርኛም "ተረት ተረት" ሲባል ጭራቁም አያ ጅቦም ይመጣሉ። በተረቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ግን ጭራቁን ስታይ "እንዴት እንደዚህ አይነት ነገር ይኖራል?" ብላ አእምሮዋን አትስትም፣ እንዳይበላት ትፈራለች እንጂ መኖሩ አይገርማትም፣ የተረቱ ዓለም ከመጀመሪያውም እንደዛ ነው።

ሆረር ውስጥ ግን ጭራቁ ጭራሽ መኖር ያልነበረበት ነገር ነው። ኖኤል ካሮል የሚባል አሜሪካዊ ፈላስፋ በ1990 ስለ ሆረር ባሳተመው መጽሐፍ ይሄንን ነው ለይቶ ያስቀመጠው፤ ጭራቁ የሚጎዳ ብቻ ሳይሆን ሥርዓት የሚያፈርስ፣ ሞቶ የሚሄድ፣ ሰውም አውሬም የሆነ፣ ከምናውቀው መደብ ውስጥ የማይገባ ነገር ነው፣ ገጸ ባህሪዎቹም የሚያዩትን ማመን አቅቷቸው ነው የሚንቀጠቀጡት ይላል። ስለዚህ ሆረር ጸሐፊ ከጭራቁ በፊት መስራት ያለበት ነገር አለ፣ ጤነኛ የሆነ፣ የምናውቀው፣ ሥራና ዕዳ ቤተሰብና ምሳ ያለበት ዓለም። እሱ ከሌለ የሚፈርስ ነገር የለም።

ድራኩላን እንውሰድ፣ ብራም ስቶከር በ1897 ያሳተመው። ፊልሙን ያየ ሰው በደም የሚጀምር ይመስለዋል። መጽሐፉ ግን የሚጀምረው ጆናታን ሃርከር በሚባል ወጣት የህግ ባለሙያ የጉዞ ማስታወሻ ነው፣ ከእንግሊዝ ተነስቶ ትራንሲልቫኒያ ተራራ ላይ ቤተመንግስት ውስጥ ለሚኖር ደንበኛ፣ ካውንት ድራኩላ ለሚባል መኳንንት፣ የቤት ግዢ ጉዳይ ሊጨርስ እየሄደ ነው። ባቡሩ ዘገየ ይላል፣ በርበሬ የገባበት ዶሮ በላሁ ጥሩ ነበር ግን አስጠማኝ ይላል፣ ለእጮኛዬ ለሚና አሰራሩን ልጠይቅላት ብሎ ይጽፋል። ብዙ አንባቢ ይሄንን "ቶሎ አይገባም፣ ያንዛዛል" ብሎ ይዘለዋል። እኔ ግን ያቺ የዶሮ ማስታወሻ ባትኖር ቀጥሎ የሚመጣው ግማሽ ጉልበቱን ያጣ ነበር ባይ ነኝ።

ቀጥሎ የሚመጣው ይሄ ነው። ሃርከር ቤተመንግስቱ ውስጥ አንድ ጠዋት መስኮት ጋ ትንሽ መስታወት ሰቅሎ ጺሙን ሲላጭ ትከሻው ላይ እጅ ያርፍና ካውንቱ "እንደምን አደሩ" ይለዋል። ሃርከር ይደነግጣል፣ ምክንያቱም መስታወቱ ከኋላው ያለውን ክፍል በሙሉ እያሳየው ሰውየው አልታየውም። ዞር ሲል አጠገቡ ቆሟል። መልሶ መስታወቱን ሲያይ የለም። ምላጩ ቆርጦት ኖሮ ደም ይወርዳል፣ ካውንቱ ደሙን ሲያይ ፊቱ ይለወጥና ወደ ጉሮሮው ይወረወራል፣ እጁ ሃርከር አንገት ላይ ያለውን የመስቀል ማሰሪያ ሲነካ ግን ያ ሁሉ ቁጣ ወዲያው ይጠፋል። ከዛ መስታወቱን አንስቶ በመስኮት ይወረውረዋል፣ ታች ግቢው ድንጋይ ላይ ይከሰከሳል። ሃርከር ደግሞ ምን ብሎ ይጽፋል? ከእንግዲህ በምን እንደምላጭ አላውቅም ብሎ ይናደዳል። ማንም አልሞተም እኮ፣ ጭራቅም ገና አልታየም፣ ግን አንድ መኖር የማይችል ነገር የሰው መላጫ ውስጥ ገባ። ሆረር ማለት ይሄ ነው።

ከየት መጣ?

አብዛኛው የሥነ ጽሑፍ ታሪክ የሚጀምረው ሆራስ ዋልፖል በ1764 እንግሊዝ ውስጥ ካሳተመው የቤተመንግስት ታሪክ ነው፣ ጎቲክ የሚባለው ዘውግ ከዛ ተነሳ፤ አሮጌ ግንብ፣ የተደበቀ ወንጀል፣ የአባት ሀጢአት ልጅ ላይ የሚመጣበት ታሪክ ማለት ነው። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከ1816 በኋላ ነው። በ1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ሰማይ ላይ ስለቀረ በቀጣዩ ዓመት አውሮፓ ላይ በጋ አልመጣም፣ ዝናብና ብርድ ብቻ። ጄኔቫ ሐይቅ አጠገብ ቤት ተከራይተው የነበሩ ወጣት እንግሊዛውያን መውጣት ስላልቻሉ ገጣሚው ባይረን ሁላችንም የመንፈስ ታሪክ እንጻፍ ይላቸዋል። ሜሪ ሼሊ ያኔ 18 ዓመቷ ነው። ፍራንከንስታይን ከዛ ዝናብ የወጣ መጽሐፍ ነው፣ በ1818 ታተመ፣ ያውም መጀመሪያ ላይ ስሟ ሳይጻፍበት። የባይረን ሐኪም የነበረው ፖሊዶሪም ከዛው ሰሞን ተነስቶ በ1819 የወጣውን የቫምፓየር ታሪክ ጻፈ፣ ዘናጭና መኳንንት የሆነ ደም መጣጭ ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዝኛ ልብወለድ የታየው እሱ ላይ ነው፣ ድራኩላ ከዛ በኋላ ነው የመጣው።

እዚህ ጋ አንድ በጣም የተለመደ ስህተት ላርም። ፍራንከንስታይን የጭራቁ ስም አይደለም፣ የፈጠረው ተማሪ ስም ነው፣ ቪክቶር ፍራንከንስታይን። ፍጡሩ ስም የለውም። ፈጣሪው ህይወት ዘርቶበት ዓይኑን ሲገልጥ አስቀያሚ ሆኖ ስላገኘው ጥሎት ሸሸ፣ ስም እንኳን ሳያወጣለት። ፍጡሩ ብቻውን ጫካ ለጫካ እየዞረ፣ የአንድ ድሃ ቤተሰብን ጨዋታ በግድግዳ ቀዳዳ እያዳመጠ ነው ቋንቋ የተማረው፣ መንገድ ላይ ያገኛቸውን መጻሕፍት አነበበ፣ ከዛ ሰዎቹ ሲያዩት በዱላ አባረሩት። ስለዚህ መጽሐፉን የጨረሰ ሰው ጭራቁ ማን እንደሆነ እርግጠኛ ሆኖ መናገር ያቅተዋል። ፊልሞቹ ያንን ዝም የሚል፣ አንገቱ ላይ ብረት የተሰካ ግዙፍ ሲያሳዩን ትልቁን ነገር ወሰዱብን፣ በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉም አጥርቶ የሚናገረው እኮ እሱ ነው።

ፍርሃቱስ በምን ይሰራል?

ስቴቨን ኪንግ በ1981 ስለ ሆረር በጻፈው መጽሐፍ ፍርሃትን በሦስት ደረጃ ከፍሎታል። ከላይ ያለው ሽብር ነው፣ ምንም ሳይታይ በር ወዲያ ማዶ የሆነ ነገር እንዳለ ስታውቅ የሚመጣው። መካከለኛው ነገርየው ታይቶ ሰውነት የሚቀዘቅዝበት ነው። የመጨረሻው ማስጠየፍ ነው፣ ደም ምናምን። ኪንግ ራሱ መጀመሪያ ለማሸበር እሞክራለሁ፣ ካልቻልኩ ለማስደንገጥ፣ እሱም ካልሆነ ለማስጠየፍ ብሎ በግልጽ ጽፏል። ይሄ ክፍፍል አዲስም አይደለም፣ አን ራድክሊፍ የምትባል የጎቲክ ጸሐፊ ከሞተች በኋላ በ1826 በታተመ ጽሑፏ ያልታየው ፍርሃት ነፍስን ያሰፋል የታየው ግን ያደነዝዛል የሚል ሀሳብ ነበራት።

በኔ ንባብ የመጀመሪያውን ደረጃ ከሸርሊ ጃክሰን በላይ የሰራበት የለም። በ1959 ባሳተመችው ዘ ሆንቲንግ ኦፍ ሂል ሀውስ ውስጥ ኤልኖር የምትባል ሴት አለች፣ አስራ አንድ ዓመት የታመመች እናቷን ስታስታምም የኖረች፣ የኔ የምትለው ቤት የሌላት፣ መናፍስት አለበት የተባለን ቤት ለሚያጠና ሰው ልታግዝ የመጣች። አንድ ሌሊት ጨለማ ውስጥ ከግድግዳው ባሻገር የልጅ ለቅሶና ማጉረምረም ትሰማለች። ጎረቤት አልጋ ላይ የተኛችው ቴዎዶራ እጇን ስለያዘቻት ትጽናናለች፣ እጁን አጥብቃ ትጨብጠዋለች፣ የጣቶቹን አጥንት ሁሉ እስኪሰማት። በመጨረሻ ልጅ ሲያሰቃዩ ዝም ብዬ አልሰማም ብላ ትጮሃለች፣ መብራት ይበራል፣ ቴዎዶራ ማዶ ራሷ አልጋ ላይ ከእንቅልፏ ስትነቃ ታያታለች። ታዲያ የማንን እጅ ነበር የያዝኩት ትላለች ኤልኖር። ምዕራፉ በዛው ያልቃል።

አስተውሉ፣ እጁ ምንም አላደረጋትም፣ አልጎተታት፣ አንገቷን አላነቀም። ያስፈራው ያጽናናት ነገር መሆኑ ነው። ኤልኖር እጅ የሚይዛት ሰው ተርባ የኖረች ሴት መሆኗን ቀደም ብለን ባናውቅ ይሄ ትዕይንት ተራ ድንጋጤ ሆኖ ይቀር ነበር። ለዚህ ነው ሆረር ከጭራቁ በላይ በሰውየው ይሰራል የምለው፤ ጸሐፊው ሰውየውን እንድንወደው ካላደረገ የፈለገውን ያህል ጥርስና ጥፍር ቢደረድር አያስፈራም።

ሌላው ዘዴ ማመንታት ነው። ፂቬታን ቶዶሮቭ የሚባል ሐያሲ በ1970 እንዳስረዳው አንድ የዘውጉ ክፍል የሚቆመው አንባቢው "እውነት መንፈስ ነው ወይስ ሰውየው ነው የታመመው?" ብሎ መወሰን ባቃተው ሰዓት ላይ ነው። ወደ አንዱ ሲያጋድል ስሜቱም ይለወጣል። የሂል ሀውስ አንባቢዎች ዛሬም ድረስ የሚከራከሩት ለዛ ነው፣ ቤቱ ነው ወይስ ኤልኖር።

ሰው ለምን ወዶ ይፈራል?

ፖል ሮዚን የሚባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለዚህ የሰጠው ምሳሌ ለኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም፣ ቃሪያና ሚጥሚጣ ነው። ምላስ ላይ ያለው ስሜት "ተቃጠልኩ" ብሎ ለአእምሮ ይነግራል፣ አእምሮ ግን ምንም እንዳልተቃጠለ ያውቃል፣ ከዚህ ከሁለቱ መሀል ደስታ ይወጣል። አስፈሪ ታሪክም እንደዛ ነው ይላል። ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሰውነት ሊሸሽ ይዘጋጃል፣ ግን በእጅህ የያዝከው ወረቀት ነው፣ ስትፈልግ ትዘጋዋለህ። መዝጋት መቻሉ ነው ቁልፉ። እውነተኛ ፍርሃት እኮ አይዘጋም።

በ2021 ኮልታን ስክሪቭነር የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት ደግሞ የሆረር ፊልም ወዳጆች በኮቪድ ወቅት ከሌላው ሰው ያነሰ የሥነ ልቦና ጭንቀት እንደታየባቸው ያሳያል። ይሄ ማለት ግን ሆረር መድኃኒት ነው ማለት አይደለም፣ ምናልባት ቀድሞውንም ልበ ጠንካራ የሆነው ሰው ይሆናል ሆረር የሚወደው፣ እንዲህ አይነት ጥናት የቱ ምክንያት የቱ ውጤት እንደሆነ ብቻውን አይለይም። ግን ቢያንስ "ሆረር የሚያነብ ሰው አእምሮው ይበላሻል" የሚለውን የሚደግፍ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ልበል። ጦርነት ያየ፣ ሰው የሞተበት፣ ሌሊት የሚያቃዠው ሰው ባለበት አገር ነው የምንኖረው፣ እና ለሁሉም ሰው ፍርሃት የሚዘጋ መጽሐፍ አይደለም። ጓደኛህ "አልችልም" ካለህ ፈሪ ነህ ብለህ አታስጨንቀው። ህጻን ልጅም አጠገብ ሆኖ የሚያዳምጠውን አስቡ፣ ለትልቅ ሰው የሚያበቃው ለሱ አያበቃም።

ታዲያ ዳርክ ፋንታሲ ምኑ ይለያል?

አሁን ወደሚደባለቀው ነገር እንምጣ። ፋንታሲ ማለት የራሱ ህግ ያለው ሌላ ዓለም ነው፣ አስማት፣ ዘንዶ፣ የማናውቀው ካርታ። በተለመደው ፋንታሲ ክፉው ክፉ ደጉ ደግ ነው፣ ብዙ መከራ ታልፎ በመጨረሻ ደጉ ያሸንፋል። ዳርክ ፋንታሲ እዛው ዓለም ውስጥ ሆኖ ያ ተስፋ የተነሳበት ነው። አስማቱ ዋጋ ያስከፍላል፣ ጀግናው እጁ ንጹህ አይደለም፣ ንጉሱ ይዋሻል፣ አማልክቱ ካሉም ለሰው ግድ የላቸውም።

ማይክል ሙርኮክ ከ1961 ጀምሮ የጻፈው ኤልሪክ የዚህ አባት ከሚባሉት አንዱ ነው። ኤልሪክ ንጉስ ነው፣ ግን በሽተኛ ነው፣ ጉልበት የሚያገኘው የገደለውን ሰው ነፍስ ከምትጠጣ ሰይፉ ነው፣ ሰይፏ ደግሞ ጠላት ብቻ አትመርጥም፣ የሚወዳቸውንም ትበላለች። ግሌን ኩክ በ1984 ዘ ብላክ ካምፓኒን ሲጽፍ ደግሞ ተራኪው ቅጥረኛ ወታደሮች ጋ የሚኖር ሐኪም ነው፣ የጓዶቹን ታሪክ በመዝገብ ይይዛል፣ የሚዋጉትም ከክፉዋ ንግስት ጎን ሆነው ነው፣ ደሞዝ የከፈለች እሷ ስለሆነች። እዛ ውስጥ ሐኪሙ ቁስል ሲያጥብና ጓዶቹ ካርታ ሲጫወቱ የምታነበው ነገር ከጦርነቱ በላይ ልብ ውስጥ ይቀራል።

ልዩነቱ እንግዲህ ይሄ ነው፦ ሆረር ጤነኛ ዓለም አሳይቶህ ያፈርስብሃል፣ ዳርክ ፋንታሲ የፈረሰ ዓለም ውስጥ ያስገባህና "እዚህ ሰው ሆኖ መቆየት ይቻላል ወይ?" ብሎ ይጠይቅሃል። ስለዚህ ዳርክ ፋንታሲን "አላስፈራኝም" ብሎ መውቀስ ያልገባውን ቃል መጠየቅ ነው፣ ሆረርን ደግሞ "መጨረሻው አላማረም" ብሎ መተው እንደዛው።

የሚገናኙበት ቦታም አለ በርግጥ። የጆርጅ አር. አር. ማርቲን ኤ ጌም ኦፍ ትሮንስ (1996) በሴራና በዙፋን ነው የሚታወቀው፣ መግቢያው ግን ንጹህ ሆረር ነው። ከሰሜኑ ትልቅ ግንብ ባሻገር በረዶ ውስጥ ከሚሄዱ ሦስት ጠባቂዎች አንዱ ሬሳዎች አየሁ ይላል፣ ተያይዘው ቦታው ላይ ሲደርሱ ሬሳዎቹ የሉም። ዛፍ ላይ የወጣው ያው ጠባቂ አለቃውን ሲገድሉት ይመለከታል፣ ሁሉ ጸጥ ካለ በኋላ ወርዶ የተሰበረውን ሰይፍ ያነሳል፣ ቀና ሲል የሞተው አለቃው ቆሟል። ከዛ በኋላ መጽሐፉ ወደ ደቡብ ይወርድና ሰዎች ስለ ዙፋን ሲጨቃጨቁ በመቶ የሚቆጠር ገጽ ይሄዳል፣ እኛ አንባቢዎቹ ግን ሰሜን ላይ ምን እየመጣ እንደሆነ እናውቃለን፣ እነሱ አያውቁም። ያቺ አንድ የሆረር ምዕራፍ ናት ለሴራው ሁሉ ክብደት የሰጠችው።

ጭራቁ ማንን ይመስላል?

ይሄ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይነሳም፣ ለኔ ግን ዋናው ነው። ኤች. ፒ. ሎቭክራፍት (ከ1890 እስከ 1937 የኖረ አሜሪካዊ) ከሆረር ጸሐፊዎች ሁሉ ተጽዕኖው ሰፊ ከሆኑት ነው፣ ሰው ለአጽናፈ ዓለም ምንም አይደለም የሚለውን ፍርሃት ያመጣው እሱ ነው፣ ጨዋታና ፊልም ሁሉ ዛሬም ከሱ ይቀዳል። ግን ደግሞ ዘረኛ ነበር፣ ያውም በሚስጥር ሳይሆን በደብዳቤውም በታሪኮቹም በግልጽ። ኒውዮርክ እያለ ሬድ ሁክ ስለሚባል የስደተኞች ሰፈር በጻፈው ታሪክ ውስጥ የውጭ አገር ሰዎቹን እንዳለ የሰይጣን አምላኪ አድርጎ ነው የሳላቸው። የፈራው እነሱን ነበር፣ ጭራቁን ከነሱ ሰራው።

ይሄ ሩቅ አገር የሆነ ነገር እንዳይመስለን። እኛ ጋ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሰሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው "ቡዳ ነው፣ ማታ ጅብ ይሆናል" ሲባል ስንት ዘመን ኖረ፣ በዛ ምክንያት አብሮ አለመብላት፣ አለመጋባት፣ መገለል ደርሶባቸዋል። ያ ታሪክ ሆኖ ሲወራ ያስፈራል፣ በታሪኩ ውስጥ ያለው ሰው ግን እውነተኛ ሰው ነው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ስለዚህ አስፈሪ ታሪክ ስናነብ "ጸሐፊው ማንን እንድፈራ ነው የሚፈልገው?" ብለን መጠየቅ አለብን። ምንም የማይጎዳ የፈጠራ ፍጡር ሌላ ነው፣ ጎረቤቴን እንድፈራ የሚያደርገኝ ሌላ።

ጥሩ ነገሩ ዘውጉ ራሱ መልስ መስጠት ጀምሯል። ቪክተር ላቫል የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ደራሲ በ2016 ያንኑ የሬድ ሁክ ታሪክ ከአንድ የሀርለም ጥቁር ወጣት ወገን ሆኖ እንደገና ጻፈው፣ የወጣቱ አባት ቤቱ ውስጥ ጊታር ይዞ ጠመንጃ መስሎኝ ነው ተብሎ ይገደላል፣ ከዛ በኋላ የሎቭክራፍት ፍጡሮች ከሰዎቹ የባሱ መሆናቸውን ትጠራጠራለህ። መታሰቢያነቱን የሰጠው ለራሱ ለሎቭክራፍት ነው፣ ከሚጋጩት ስሜቶቼ ሁሉ ጋር ብሎ። የናይጄሪያ ዝርያ ያላት ኔዲ ኦኮራፎር ደግሞ በ2010 የወጣው፣ ወደፊት ባለች ሱዳን ውስጥ የሚካሄደው ልብወለዷ በ2011 ወርልድ ፋንታሲ አዋርድን ሲያሸንፍ የተሰጣት ሽልማት የሎቭክራፍት ራስ ቅርጽ ነበር፤ እንደሷ አይነቱን ሰው የናቀ ሰው ምስል ቤቷ ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ በግልጽ ጻፈች፣ ሌሎችም ተከተሉ፣ በ2015 ምስሉ እንዲቀር ተወሰነ።

"ሆረር ርካሽ ጽሑፍ ነው" ለሚሉም እዚሁ ልመልስ። የቶኒ ሞሪሰን ቢላቭድ (1987) የመንፈስ ታሪክ ነው፣ ልጇ ወደ ባርነት እንዳትመለስባት በገዛ እጇ የገደለች እናት ቤት ውስጥ የሞተችው ልጅ ትመለሳለች። መነሻው ማርጋሬት ጋርነር የምትባል ሴት በ1856 በእውነት ያደረገችው ነው። ያንን ግፍ ያለ መንፈስ መናገር ይቻል ነበር ወይ? እኔ አይመስለኝም።

ሰይጣን ማምለክ ነው ወይ?

አይደለም። መጽሐፎቹን ከፍቶ ማየት ይበቃል፣ ድራኩላ ውስጥ ክፉውን የሚያሸሸው መስቀል ነው። ዘ ኤክሶርሲስትን (1971) የጻፈው ዊልያም ፒተር ብላቲ ካቶሊክ ነበር፣ መነሻ ያደረገውም በ1949 ተደረገ ተብሎ በጋዜጣ የተዘገበ የጋኔን ማውጣት ጸሎት ነው፣ የታሪኩ ጀግኖች ቄሶች ናቸው። ክፋት እንዳለ የሚያምን ሰው ነው ስለ ክፋት እንደዛ አድርጎ የሚጽፈው። ይሄን ስል ግን ስለ ጅንም ሆነ ስለ ጋኔን ማንበብ ልቡን የሚከብደው ሙስሊምም ክርስቲያንም አንባቢ አለ፣ አክብሬ ነው የማየው፣ ላለማንበብ ምክንያት ማቅረብም የለበትም።

ጅማ ላይ ቢጻፍስ?

ይሄን ሁሌ አስበዋለሁ። ጎቲክ አሮጌ ቤት ይፈልጋል፣ ጅሬን ኮረብታ ላይ ከእንጨት የተሰራው የአባ ጅፋር ቤተመንግስት አለ፣ ክረምት ላይ ጭጋግ ሲወርድበት ታች ከተማው አይታይም። ግን እኔ ብጽፍ ከቤተመንግስቱ ይልቅ የቡና ማድረቂያ ነው የምመርጠው። በመኸር ወራት አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ሌሊት የሚጠብቁ ሰዎች ጎጆ ውስጥ ያድራሉ፣ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ከጎጆ ጎጆ ይጠራራሉ እንበል። አንዱ ይጣራል፣ ከማዶ "አለሁ" ይባላል። ሰውየው የሚያስበው ስለ ልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ስለ ዘንድሮ የቡና ዋጋ፣ ስለሚያስለው ጓደኛው ነው። አንድ ሌሊት ይጣራል፣ "አለሁ" ይባላል፣ ድምጹ የጓደኛው ነው፣ የመጣው ግን ጎጆ ከሌለበት፣ ከጫካው በኩል ነው። ንጋት ላይ ጉሬዛዎቹ መጮህ እስኪጀምሩ ድረስ ሁለተኛ መጣራት አለበት ወይስ ዝም ማለት? ጭራቅ አልጨመርኩም፣ ከኛው ኑሮ ሌላ ያስፈለገኝም ነገር የለም። በአማርኛም በኦሮምኛም እንዲህ የሚጽፍ ሰው ቢበዛ ከልቤ ደስ ይለኛል፣ ጅብና ጭጋግ ያለበት ከተማ የትራንሲልቫኒያን ተራራ መዋስ አይጠበቅበትም።

ከየት ልጀምር?

እንግሊዝኛው ካላስቸገራችሁ ፍራንከንስታይንና ድራኩላ የቅጂ መብታቸው ስላለፈ ፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ በነጻና በህጋዊ መንገድ ይገኛሉ፣ ስልክ ላይ አውርዳችሁ መብራት በጠፋ ማታም ማንበብ ትችላላችሁ። ሁለቱም በደብዳቤና በማስታወሻ መልክ ስለተጻፉ በቁርጥራጭ ለማንበብ ያመቻሉ። ሂል ሀውስ አጭር ነው ግን ቸኩሎ ማንበብ አይቻልም፣ አረፍተ ነገሮቹ ውስጥ ነው ሁሉም ነገር ያለው። ስቴቨን ኪንግን ለመሞከር የምትፈልጉ ግዙፎቹን ትታችሁ የመጀመሪያውን፣ በ1974 የወጣውን ካሪን ውሰዱ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የምትሰቃይ ልጅ ታሪክ ነው፣ በሁለት ሦስት ቀን ያልቃል።

ዳርክ ፋንታሲ ላይ ማርቲንን ሁሉም ሰው ይመክራችኋል፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን አምስተኛው መጽሐፍ በ2011 ከወጣ በኋላ ስድስተኛው አልታተመም፣ ያላለቀ ታሪክ የሚያብሰለስላችሁ ከሆነ ከብላክ ካምፓኒ ጀምሩ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ግሌን ኩክ ማን ማን እንደሆነ አያስረዳም፣ ስሞቹ ይደባለቃሉ፣ እሱን ታግሳችሁ እለፉት፣ ሐኪሙ እየቆየ ራሱ ያስተዋውቃችኋል።